ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ እንጠብቀው

(ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ልጆቻቸው ቤዝቦል ለሚጫወቱ የአበሻ ወላጆችና ለልጆቹ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኩትም ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ከልብ አመሰግናለሁ።

አርብ ማታ ወደ አንድ የኮሌጅ ቤዝቦል ሜዳ ሂዱ። ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) ጀርባ፣ ከመረቡ ኋላ ባሉት ወንበሮች ላይ የተደረደሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። አያጨበጭቡም። ማንንም አይደግፉም። ጉልበታቸው ላይ ደብተር አለ፤ በእጃቸው ደግሞ የፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ነገር ይዘዋል። ፒቸሩ፣ ኳስ ወርዋሪው፣ እግሩን ሲያነሳ ሁሉም ያንን ነገር ያነሳሉ፤ ኳሷ ካቸሩ፣ የተቀባዩ፣ ጓንት ውስጥ ጧ ስትል ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው የፍጥነቷን ቁጥር ያያሉ። እነዚህ ስካውቶች ናቸው፤ በእግር ኳሱ ቋንቋ መልማይ የምንላቸው። ሥራቸው የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ አይተው ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን መናገር ነው። ከባድ ሥራ ነው። እኔ የገዛ ልጄ በሚቀጥለው ወር ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ስካውት አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ፒቸር ሲሆን፣ እናቱ የማታ ፈረቃ ስለነበረች፣ አርብ አርብ እየነዳሁ ሄጄ የማየው እኔ ነበርኩ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ቦታ ሞልቶ ስካውቶቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ዞር አለና "የማን ዘመድ ነህ?" አለኝ። ነገርኩት። እኔም ማሽኑን ሰርቄ አይቼ ነበርና ደረቴን ነፍቼ "93 ማይል ጣለ አይደል?" አልኩት። "እሱንማ ማሽኑ ነገረን" አለኝ፣ "አንተ ምን አየህ?"

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ያንን ጥያቄ ለመመለስ ስታገል ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ በሙሉ ከዚያ ወንበር የተገኘ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ። ጨዋታው በዙር ይከፈላል፤ አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል። ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ ማውንድ ይባላል። ከዚያ እስከ ሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ነው። መቺው ዱላውን ይዞ እዚያ ይጠብቃል። ፒቸሩ 100 ማይል በሰዓት፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ከጣለ፣ ኳሷ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። መቺው በዚያች ቅጽበት ውስጥ አይቶ፣ ወስኖ፣ ዱላውን ማሽከርከር አለበት። ስለዚህ ፍጥነት ቀልድ አይደለም። ማንም ስካውት "ፍጥነት አያስፈልግም" ቢላችሁ አትመኑት።

ችግሩ ሌላ ነው። ዛሬ በሜጀር ሊግ፣ በትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ፣ የፋስትቦል (በሙሉ ጉልበት የሚጣለው ቀጥተኛ ኳስ) አማካይ ፍጥነት 94 ማይል አካባቢ ደርሷል። አማካይ ነው እንግዲህ። ድሮ አንድን ልጅ ልዩ ያደርገው የነበረ ቁጥር ዛሬ የመግቢያ ትኬት ሆኗል። ትኬት ሳይይዙ አይገባም፣ ግን ትኬት የያዘ ሁሉ መድረክ ላይ አይወጣም።

ሽማግሌው ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ኮሌጅ ላይ የምታየው ውጤት ግማሹ የፒቸሩ ነው፣ ግማሹ የኮሌጁ ነው። የስካውቱ ሥራ ሁለቱን መለየት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወላጆች በብዛት የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነውና።

አንድ የኮሌጅ ፒቸር በአንድ ጨዋታ 12 ሰው ስትራይክአውት አደረገ፣ ማለትም በሦስት ስትራይክ አስወጣ እንበል። እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ቪዲዮ ይቀርጻል። ስካውቱ ግን የሚጠይቀው "እንዴት?" ብሎ ነው። ከ12ቱ ስንቶቹ ከሳጥኑ (ኳሷ ማለፍ ካለባት ክልል) ውጭ፣ መሬት የምትነካ ስላይደር፣ የምትታጠፍ ኳስ፣ አሳደው ነው የወጡት? የኮሌጅ መቺ ያቺን ኳስ ያሳድዳል። ለእንጀራው የሚመታ ሰው ዝም ብሎ ያሳልፋታል፣ ቦል ትባላለች፣ አራት ቦል ሲሞላ በእግሩ ወደ ፈርስት ቤዝ ይሄዳል። ያኔ ያ ልጅ ምን ይቀረዋል? ማሳደድ የሌለበት አገር ሲሄድ በምን ያወጣል?

ደግሞ ዱላው አለ። ኮሌጅ የሚመቱት በብረት ዱላ ነው፣ ፕሮፌሽናሎቹ በእንጨት። የብረት ዱላ እጀታው አካባቢ ብታገኘውም አይሰበርም፤ ኳሷ ከኢንፊልዱ (ከውስጠኛው ሜዳ) ማዶ ጠብ ትልና መቺው ቤዝ ላይ ይቆማል። ይህን የፈራ ልጅ ወደ ውስጥ፣ ወደ መቺው እጅ አስጠግቶ መጣል ይሸሻል። ሁልጊዜ ወደ ውጭ፣ ሁልጊዜ ወደ ውጭ። በደብተሩ ላይ ውጤቱ ያማረ ነው፣ ግን ግማሽ ሳጥን ሳይጠቀም ነው ያደገው። ተቃራኒውም አለ፦ በብረት ዱላ የተመታበት ስንት ኳስ፣ በእንጨት ቢሆን ዱላ ሰብሮ የሚወጣ ነበር። ሽማግሌው እንዲህ ያለውን ሲያይ ሰው ሁሉ "ተመታ" እያለ ሲያዝን እሱ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርግለታል።

ሦስተኛ፣ ቀኑ። ጥሩ የኮሌጅ ፒቸር በሳምንት አንዴ ነው የሚጥለው፣ በአብዛኛው አርብ። ስድስት ቀን ያርፋል። በሜጀር ሊግ ቡድን 162 ጨዋታ አለው፤ ፒቸሩ በየአምስተኛው ወይም በየስድስተኛው ቀን ማውንድ ላይ ነው፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም። ክንዱ ከአራት ቀን በኋላ ምን እንደሚሆን ኮሌጅ ላይ አይታይም።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በብዙ ኮሌጅ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጣል የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፣ ከዳግአውት፣ ከቡድኑ መቀመጫ ሆኖ። ልጁ ፈጻሚ ነው። ስለዚህ "ብልህ ፒቸር ነው" ከማለታችን በፊት፣ ብልሃቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ይህን ሁሉ ቀንሳችሁ የሚቀረው ነው ልጁ።

ታዲያ የት ነው የሚታየው? ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ። ሰባተኛም ሊሆን ይችላል። በአንድ ቡድን ዘጠኝ መቺ አለ፤ ተራ በተራ ይመጣሉ። ስድስተኛው ኢኒንግ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ፣ ምርጦቹ መቺዎች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣሉ። ፋስትቦሉን ሁለቴ አይተውታል። እሱ ደግሞ ደክሟል፣ 95 የነበረው 92 ሆኗል። ይህ ድካም ለስካውቱ ስጦታ ነው። ልጁ ያለ ጉልበቱ ምን እንደሆነ ያሳየዋል። ሦስተኛ ኳስ አለው ወይ? ከፋስትቦልና ከስላይደር ሌላ፣ እጁ በዚያው ፍጥነት እየሄደ ኳሷ ቀስ ብላ የምትመጣ ቼንጅአፕ አለው ወይ? ክርኑ ዝቅ ማለት ጀምሯል? እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ተቀይሯል? የቡድን ጓደኛው ኳስ ሲስትበት ፊቱ ምን ይሆናል? ግማሹ ስካውት በአምስተኛው ኢኒንግ ቁጥሩን ይዞ ወደ መኪናው ይሄዳል። ሽማግሌው ግን ቀና ብሎ የሚቀመጠው ያኔ ነበር፤ ወንበሩን ወደፊት ያስጠጋል።

አሁን እናንተም የምታውቁትን ሰው ላንሳ። ስቲቨን ስትራስበርግ። የኛ ከተማ ልጅ ማለት ይቻላል፤ እዚህ ዲሲ ለናሽናልስ ነው የጣለው፣ በ2019 ዋንጫው ሲመጣ ስንቶቻችን ኮንስቲቱሽን አቬኑ ላይ ነበርን። ስትራስበርግ በ2006 ሃይስኩል ሲጨርስ ማንም አልመረጠውም። በዚያ ዘመን ድራፍቱ፣ ቡድኖቹ ተራ በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት፣ 50 ዙር ነበር፤ ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች ተመርጠዋል፣ እሱ የለበትም። ሳን ዲዬጎ ስቴት ገባ። አሰልጣኙ ቶኒ ግዊን ነበር፣ 3,141 ጊዜ መትቶ ቤዝ የያዘ፣ ስሙ ሆል ኦፍ ፌም፣ የዝነኞቹ መዝገብ ውስጥ ያለ ሰው። ሦስት ዓመት ብቻ። በ2008 በአንድ ጨዋታ ከዩታ ላይ 23 ሰው ስትራይክአውት አደረገ። በ2009 ከሁሉም ቀድሞ አንደኛ ተመረጠ፣ 15.1 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ያው ልጅ ነው፤ በ17 ዓመቱ ያዩት አልተሳሳቱም ይሆናል፣ ያኔ ያዩት ነገር እውነት ነበር። ያላዩት የሚጓዝበትን መንገድ ነው።

ሰኔ 8 ቀን 2010 እዚሁ ናሽናልስ ፓርክ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። 14 ስትራይክአውት፣ አንድም ሰው በእግሩ ወደ ቤዝ አላሳለፈም። ስካውቶቹ የጻፉት ሁሉ እውነት ሆነ። በነሐሴ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ጅማቱ በክርን ውስጠኛ ጎን ያለ ነው። ቀዶ ጥገናው ቶሚ ጆን ይባላል፣ መጀመሪያ በተደረገለት ፒቸር ስም። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ከሌላኛው እጁ ላይ ጅማት ወስዶ ክርኑ ላይ ተከለለት። ቶሚ ጆን በ1976 ተመለሰና እስከ 1989 ጣለ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ስለዚህ ክርን ተበጠሰ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፤ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ይፈጃል እንጂ ብዙዎች ይመለሳሉ። ስትራስበርግም ተመለሰ። በ2012 ቡድኑ ክንዱን ለመጠበቅ ብሎ 159 ኢኒንግ ላይ አስቆመው፤ ቡድኑ ለፕሌይኦፍ፣ ለዋንጫ ወደሚያደርሱት ጨዋታዎች፣ እየሄደ ነበር፤ ከተማው ሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ። እኔ አስቁሙት ካሉት ወገን ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። በ2019 የዓለም ተከታታይ ጨዋታዎች ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ክረምት ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጣለ። ነርቩና የትከሻው አካባቢ እምቢ አለ፤ የጎድን አጥንቱን እስከማስወጣት ደረሰ። በ2024 ተሰናበተ።

ይህን ታሪክ ለምን አበዛሁት? እስካሁን ከተመረጡት የኮሌጅ ፒቸሮች ሁሉ እንደሱ የተወራለት የለም ማለት ይቻላል። ስካውቱ ስለ ችሎታው ልክ ነበር፣ ስለ ክንዱ ግን ማንም ልክ ሊሆን አይችልም። እናንተ ልጆች፣ ይህን ስሙኝ፦ ክንዳችሁን ማንም አያውቀውም፣ ስካውትም፣ አሰልጣኝም፣ አጎትም። ሲያማችሁ ተናገሩ።

ኩማር ሮከርንም አስቡት። በ2019 ገና አንደኛ ዓመት ሳለ ለቫንደርቢልት ዱክን ገጥሞ ኖ ሂተር (አንድም ሰው መትቶ ቤዝ ያልያዘበት ጨዋታ) ጣለ፣ 19 ስትራይክአውት። አገሩ ሁሉ አበደ። በ2021 ኒው ዮርክ ሜትስ በ10ኛነት መረጡት፤ የሕክምና ምርመራው ከታየ በኋላ ሳያስፈርሙት ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ቴክሳስ ሬንጀርስ በሦስተኛነት መረጡት። በ2023 የክርኑ ጅማት ተቀደደ፤ በ2024 ሜጀር ሊግ ደረሰ። አንድ ልጅ፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት ቡድን ፈጽሞ የተለያየ ነገር አየበት።

ማርክ አፔልን ደግሞ ስሙ። ስታንፎርድ። ቁመት፣ ፍጥነት፣ ትምህርት፣ ሁሉም ነገር ሙሉ። በ2012 ፒትስበርግ በስምንተኛነት ሲመርጠው እምቢ ብሎ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ በ2013 ሂውስተን አንደኛ አድርጎ መረጠው፣ 6.35 ሚሊዮን ዶላር። ወረቀት ላይ ጉድለት አልነበረውም። በታችኛው ሊግ ግን ተመታ፣ ተጎዳ፣ በ2018 ጨዋታውን ተወ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰና በ2022፣ በ30 ዓመቱ፣ ለፊላዴልፊያ ሜጀር ሊግ ማውንድ ላይ ወጣ። ብዙ ሰው የሱን ስም የሚያነሳው ለመሳለቅ ነው። ይህን አልወደውም። ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶ ያ በር ጋ የደረሰን ሰው እንደ ኪሳራ መቁጠር ልክ አይደለም።

በዚያ በኩል ጄከብ ዲግሮም አለ። ስቴትሰን ዩኒቨርሲቲ፣ ሾርትስቶፕ፣ ኢንፊልድ ላይ ተከላካይ፣ ነበር፣ መወርወር የጀመረው ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ነው። በ2010 በዘጠነኛው ዙር ተመረጠ፣ 272ኛ ሰው። ብዙም ሳይቆይ ክርኑ ተቀደደ። ያ ልጅ በ2018 እና በ2019 ተከታትሎ የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጥ ነው። የተመለከተው ስካውት ምን አየ? ቁጥር ሊሆን አይችልም፣ በማውንድ ላይ የተመዘገበለት ነገር ጥቂት ነበርና። ያየው ቀላል የሚሄድ ክንድ ነው። ክንዱ ሳይታገል ኳሷ የምትበር። ይህን በራዳር አታገኙትም፤ ዓይን ይፈልጋል፣ ትዕግሥትም። ቲም ሊንሰከም ደግሞ ከ180 ሴንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ቀጭን ልጅ ነበር፤ በ2006 ዘጠኝ ቡድን አለፈው። ያለፉት በቁመቱ ፈርተው ነው። በ2008 እና በ2009 እሱም ሁለቱንም ሳይ ያንግ ወሰደ።

ስካውቶች የሚጽፉት ሪፖርት ከ20 እስከ 80 በሚሄድ መለኪያ ነው። 50 ማለት የሜጀር ሊግ መካከለኛ ነው። 80 ማለት በዘመኑ በጣት የሚቆጠር። ለፋስትቦሉ፣ ለስላይደሩ፣ ለቼንጅአፑ፣ ኳሷን የፈለገበት ለማሳረፍ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ሁለት ዓምድ አለው፦ ዛሬ ያለው፣ ወደፊት የሚሆነው። "ዛሬ 40፣ ወደፊት 55" ተብሎ ይጻፋል። ያቺ 15 ነጥብ ናት የስካውቱ እንጀራ። የመጀመሪያውን ዓምድ አሁን ካሜራና ኮምፒውተር ይሞላዋል፤ ኳሷ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትሽከረከር፣ ከየት ከፍታ እንደተለቀቀች፣ ስንት ኢንች እንደታጠፈች፣ ሁሉም ይለካል። ይህ መልካም ነው፤ ማሽኑ በቁመት አያዳላም። ሁለተኛውን ዓምድ ግን ሰው ነው የሚሞላው።

ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ አዲስ ነገር የመማር አቅም ነው እላችኋለሁ። ፖል ስኪንስን ተመልከቱ። ሁለት ዓመት በአየር ኃይል አካዳሚ ካቸርም ፒቸርም ሆኖ ተጫወተ። በ2023 ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተዛወረ፣ መምታቱን ትቶ መወርወር ብቻ ያዘ። በዚያ ዓመት 209 ስትራይክአውት፣ ከ1989 ጀምሮ የቆየውን የኤስኢሲ፣ ኤልኤስዩ የሚጫወትበት የኮሌጅ ሊግ፣ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ኦማሃ ላይ የኮሌጆቹን ዋንጫ በላ፣ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። ፒትስበርግ አንደኛ አድርጎ መረጠው፣ 9.2 ሚሊዮን ዶላር። 100 ማይል ይጥላል፤ ይህን ለማወቅ ስካውት መሆን አያስፈልግም ነበር። ግን ሜጀር ሊግ ሲገባ መቺዎቹን ያስጨነቃቸው ስፕሊንከር የሚሉት ኳስ፣ ኮሌጅ እያለ ያልነበረው ነው። ከድራፍቱ በኋላ አጨባበጡን ሲሞካክር ያገኘው ነው። በ2024 የዓመቱ ጀማሪ ተባለ፣ በ2025 ሳይ ያንግ። ስትራስበርግም እንዲሁ፦ ኮሌጅ ላይ የታወቀው በፋስትቦሉና በከርቭቦሉ ነበር፤ ሜጀር ሊግ ላይ መቺ ያዋረደው ቼንጅአፑ ነው።

አያችሁ? ሁለቱ ምርጥ ልጆች፣ ኋላ ያኖራቸው ኳስ ስካውቶቹ አርብ ማታ ያዩት ኳስ አልነበረም። ስለዚህ ስካውቱ ማየት ያለበት ኳሱን ብቻ ሳይሆን፣ ኳስ የሚሠራውን ልጅ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ አየሁት፤ በመጀመሪያው ያልነበረው ነገር በሁለተኛው አለ ወይ? ሽማግሌው ይህን "ሲያድግ መያዝ" ይለዋል። አንድን ልጅ አንዴ አይቶ ሪፖርት የሚጽፈውን አይወድም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ።

አንዲት እናት "ወንድሜ፣ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ አሰልጣኙ በየሳምንቱ ፍጥነቱን ይለካዋል፣ ጥሩ ነው?" አለችኝ። እህቴ፣ አይደለም። ማሽን ከፊቱ የተደቀነበት ልጅ በሙሉ ጉልበቱ ነው የሚጥለው፣ ያውም ሁልጊዜ። ክርኑ ገና አጥንት አልጠና። ሜጀር ሊግና ዩኤስኤ ቤዝቦል አብረው ያወጡት የመወርወር ገደብ አለ፦ በቀን ለ9 እና 10 ዓመት 75 ኳስ፣ ለ11 እና 12 ዓመት 85፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት 95፣ ለ17 እና 18 ዓመት 105፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ብዛቱ የእረፍት ቀናት አሉ። ቅዳሜ ለአንድ ቡድን፣ እሁድ ለሌላ ቡድን የሚጥል ልጅ ካላችሁ ቆጣሪው እናንተ ናችሁ። ሁለቱ አሰልጣኞች አይነጋገሩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

"ከሃይስኩል በቀጥታ ይፈርም ወይስ ኮሌጅ ይግባ?" ያሉኝም አሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የአራት ዓመት ኮሌጅ የገባ ልጅ እንደገና የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ድራፍቱ ዛሬ 20 ዙር ብቻ ነው፤ ድሮ ሰፊ ነበር። ጌሪት ኮል በ2008 ከሃይስኩል ያንኪስ በአንደኛው ዙር 28ኛ አድርጎ መርጦት እምቢ ብሎ ዩሲኤልኤ ገባ። በ2011 የሁሉም አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2019 መጨረሻ ያንኪሶቹ ራሳቸው በ324 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። እሱ ተሳካለት፤ ክርኑ ኮሌጅ ላይ የተቀደደ፣ የቀረበለትን ገንዘብ ዳግም ያላየም አለ። እኔ የምመክረው፦ የፊርማው ገንዘብ የቤተሰቡን ሕይወት የሚቀይር ካልሆነ ኮሌጅ ይግባ፤ ትምህርቱን ክርን አይቀማውም። የሚቀይር ከሆነ ደግሞ "ትምህርት ይሻላል" ብላችሁ ልጁን አትፍረዱበት፤ ብዙ ቡድኖች የኮሌጅ ወጪውን በውሉ ውስጥ ያስገባሉና እሱን ጠይቁ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ልጅ ደግሞ እጁን አውጥቶ "ስካውት ሲመጣ ምን ላድርግ?" አለኝ። መልሴን በአንድ ጨዋታ ልንገርህ።

የእህቴ ልጅ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ብርድ ያለበት የመጋቢት አርብ። 93 ጀምሮ ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ 89 ሆኗል። ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አለ። የመጣው መቺ አራተኛው ኢኒንግ ላይ ግድግዳ ያስመታው ነው። ከስካውቶቹ ግማሾቹ ሄደዋል። ሦስት ቦል፣ ሁለት ስትራይክ። አሰልጣኙ ከዳግአውት ፋስትቦል ብሎ ምልክት ሰጠ፤ ልጁ እምቢ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ እምቢ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ቼንጅአፕ ጣለ። መቺው ቀድሞ ሰነዘረ፤ የዱላው ጫፍ ነካትና ኳሷ እየተንከባለለች ሰከንድ ቤዝ ጋ ሄደች። አበቃ።

ሽማግሌው ማሽኑን አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ደብተሩ ላይ 82 ብሎ ጻፈ፣ የቼንጅአፑን ፍጥነት፣ ከበበውም። "ባለፈው ዓመት ይሄ ኳስ አልነበረውም። ማን አስተማረው?" አለኝ። ማንም አላስተማረውም፣ ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲወረውር ነው የከረመው፣ እናቱ ከሥራ ደክማ መጥታ በድምፁ እንቅልፍ አጥታ ነበር አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። "የእናቱን ስልክ ስጠኝ" አለኝ፣ "ስለ ኳስ አይደለም፣ ስለ ልጁ ልጠይቃት።"

ሥራ ላይ ናት አልኩት።

"ስንት ሰዓት ትወጣለች?" አለኝ። ነገርኩት። ሰዓቱን ከ82 ሥር ጻፈው።